የህንድን የመኪና ኢንዱስትሪ በእግሩ ያቆሙት መለዋወጫ ሠሪዎቹ ናቸው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአገራችን የመኪና መገጣጠሚያ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ህንድን በምሳሌነት መጥቀስ የተለመደ ሆኗል። ታሪኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመሀል ተጀምሮ ነው የሚነገረው። «ህንድ በ1991 ኢኮኖሚዋን ለገበያ ከፈተች፣ የውጭ ኩባንያዎች ጎረፉ፣ ዛሬ ከቻይናና ከአሜሪካ ቀጥላ የዓለም ሦስተኛ የመኪና ገበያ ለመሆን በቃች» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። የመኪና ጥገናና ቴክኖሎጂ ሳስተምር የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ አነጋገር ዋናውን ጉዳይ እንደሚዘለው ስለማምን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሳስቻለሁ። ዋናው ጉዳይ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ መስታወቱንና ብሎኑን የሚሠሩት ድርጅቶች ናቸው። በደብዳቤዬ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ህንድ በ1991 ከባዶ አልተነሳችም። ጄኔራል ሞተርስ ቦምቤይ ላይ መኪና መገጣጠም የጀመረው ገና በ1928፣ አገሪቱ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች ነው፤ ፎርድም ብዙ ሳይቆይ ተከትሎታል። ሁለቱም በሳጥን ታሽጎ በመርከብ የመጣውን አካል አያይዘው ከማውጣት ያለፈ ሥራ አልነበራቸውም። በ1942 የቢርላ ቤተሰብ ሂንዱስታን ሞተርስን፣ በ1944 ደግሞ ዋልቻንድ ሂራቻንድ የተባሉት ባለሀብት ፕሪሚየር አውቶሞቢልስን አቋቋሙ። ነፃነት ከተገኘ በኋላ፣ በ1953 መንግሥት የመኪናውን አካል ደረጃ በደረጃ በአገር ውስጥ የማምረት ዕቅድ የሌለው መገጣጠሚያ ሥራውን እንዲያቆም ወሰነ። ሁለቱ የአሜሪካ ኩባንያዎችም በዚሁ ምክንያት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ውሳኔው ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። የእንግሊዙን ሞሪስ ኦክስፎርድ መሠረት ያደረገችው የሂንዱስታን ሞተርስ መኪና አምባሳደር በ1950ዎቹ መጨረሻ ካልካታ አቅራቢያ ከሚገኘው የኡታርፓራ ፋብሪካ መውጣት ጀመረች፤ የመጨረሻዋ የወጣችው በ2014 ሲሆን፣ ከ50 በሚበልጡት በእነዚያ ዓመታት ሞተሯ ቢቀያየርም ቅርጿ እምብዛም አልተለወጠም። ማንም ፋብሪካ ያለ መንግሥት ፈቃድ ምርቱን መጨመርም ሆነ አዲስ ሞዴል ማውጣት ስለማይችል፣ ገዢው ቀብድ ከፍሎ ለዓመታት ተራ ይጠብቅ ነበር። በ1980ዎቹ መግቢያ ያች ሰፊ አገር በዓመት የምታመርታቸው አውቶሞቢሎች 50 ሺህ እንኳን አይሞሉም ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያው የተዘጋ ዘመን፣ ብዙዎች ልብ የማይሉት ሌላ ነገር ሲበቅል ቆይቷል። በባንጋሎር የጀርመኑ ቦሽ ከህንዶች ጋር ሆኖ ከ1951 ጀምሮ ካንዴላና የናፍጣ ፓምፕ ማምረቻ ተክሏል። ታታ በ1954 ከዳይምለር ቤንዝ ጋር ተዋውሎ ጃምሸድፑር ላይ የጭነት መኪና መሥራት ጀምሯል። በማድራስ የቲቪኤስ ቤተሰብ ኩባንያዎች ፍሬንና ብሎን፣ በፑኔ ደግሞ በ1961 የተቋቋመው ብሃራት ፎርጅ በእሳት የተቀጠቀጠ የብረት አካል ማምረት ይዘዋል። እኔ ለአውቶሞቢሉ ኢንዱስትሪ መሠረት የጣለው አምባሳደር ሳይሆን የጭነት መኪናው ነው ባይ ነኝ፤ ከባድ ጭነት ተሸክሞ በዚያ አገር መንገድ የሚመላለስ ካሚዮን ደካማ አካልን አይታገስምና፣ ሠሪዎቹ ሙያቸውን የተማሩት በእርሱ ላይ ነው።

ወደ መኪና አምራቹ ማሩቲ ልምጣ። ኩባንያው በመጀመሪያ የጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ልጅ የሳንጃይ ጋንዲ የግል ውጥን የነበረ ሲሆን፣ አንዲት መኪና እንኳን ለገበያ ሳያበቃ ከስሮ ነበር። ሳንጃይ በ1980 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ በኋላ መንግሥት ኩባንያውን ወረሰውና በ1981 ማሩቲ ኡድዮግ በሚል ስም እንደገና አቋቋመው። ቀጣዩ ሥራ አጋር መፈለግ ነበር። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ብዙም ፍላጎት ባላሳዩበት በዚያን ጊዜ፣ በጃፓን ውስጥ ከትንንሾቹ የሚቆጠረው ሱዙኪ በጥቅምት 1982 ፈርሞ የ26 በመቶ ድርሻ ያዘ። በዲሴምበር 14 ቀን 1983 ኢንድራ ጋንዲ የመጀመሪያዋን ማሩቲ 800 ቁልፍ ለአንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ በእጃቸው አስረከቡ።

እስከዚህ ያለው በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። አንባቢያን እንዲያስተውሉልኝ የምፈልገው ከዚያ በኋላ የተሠራውን ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ከሞላ ጎደል መላ አካላቸው ከጃፓን የመጣ ነበር፤ ሆኖም ኩባንያው የአገር ውስጡን ድርሻ በተወሰነ የጊዜ ሰሌዳ እያሳደገ አብዛኛውን አካል በህንድ እንዲያሠራ ግዴታ ተጥሎበት ነበር። ግዴታ በወረቀት ላይ ማስፈር ቀላል ነው፤ ማሩቲ ግን ግዴታውን ሠሪዎቹን ራሱ በማሳደግ ተወጣው። ከአቅራቢዎቹ ጋር በሽርክና ገባ፤ ለአንዳንዶቹ ጉርጋኦን በሚገኘው ፋብሪካው ግቢና አጠገብ ቦታ ሰጣቸው፤ የጃፓን መለዋወጫ ሠሪዎች ከህንድ ባለሀብቶች ጋር ተጣምረው እንዲሠሩ አገናኛቸው። የመሪ፣ የመቀመጫ፣ የመስታወት፣ የፕላስቲክና የአየር ማቀዝቀዣ ሥራዎች ሁሉ የተስፋፉት በዚህ መንገድ ነው። በ1985 የታላላቆቹ አገሮች የገንዘብ ሚኒስትሮች ኒውዮርክ ላይ ባደረጉት ስምምነት የጃፓን የን ዋጋው ሲንር ደግሞ፣ ከጃፓን የሚመጣው አካል እጅግ ተወደደና በአገር ውስጥ ማሠራት የኩባንያው የህልውና ጉዳይ ሆነ። የመንግሥት ግዴታ፣ የኩባንያው ትዕግሥትና የምንዛሪው ጫና በአንድ ጊዜ የገጠሙበትን ይህን ወቅት ካልተረዳን የህንድን ስኬት ተረድተናል ማለት አንችልም።

እንግዲህ በ1991 ማንሞሃን ሲንግ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ገበያውን ሲከፍቱ፣ በ1993ም የአውቶሞቢል ፈቃድ ሥርዓት ሲቀር፣ የመጡትን ኩባንያዎች ተዘጋጅቶ የጠበቃቸው የመለዋወጫ አምራች ሠራዊት ነበር። በሩ ለሁሉም ቢከፈትም ሁሉም አልተሳካለትም። ቼናይ አቅራቢያ ስሪፔሩምቡዱር ላይ በ1996 የመጣው የኮሪያው ህዩንዳይ፣ አቅራቢዎቹን አስከትሎና ከአገሬው ሠሪዎች ጋር ተዋህዶ፣ በ1998 ሳንትሮ የተባለችውን መኪና አውጥቶ ሥር ሰደደ። ጄኔራል ሞተርስ ግን በ2017 ህንድ ውስጥ መሸጥ አቆመ፤ ፎርድም በ2021 ምርቱን እንደሚያቋርጥ አስታውቆ፣ ሳናንድ የሚገኘው ፋብሪካው ለታታ ተሸጠ።

የታታን ናኖ ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ታሪኩን ማሳመር ይሆንብኛል። ራታን ታታ በ2008 መጀመሪያ ዋጋዋ 100 ሺህ ሩፒ የሆነች መኪና ለሕዝብ ሲያሳዩ ዓለም በሙሉ ተደንቆ ነበር። ይሁንና ምዕራብ ቤንጋል ውስጥ ሲንጉር ላይ ለፋብሪካው የተወሰደው የገበሬዎች መሬት ከባድ ተቃውሞ አስነሳ፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሊያልቅ የተቃረበውን ፋብሪካ ትቶ ወደ ጉጅራት ለመዛወር ተገደደ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 የመሬቱ አወሳሰድ ሕገ ወጥ እንደነበር ወስኖ መሬቱ ለገበሬዎቹ እንዲመለስ አዟል። መኪናዋም በርካሽነቷ ብቻ ስለታወቀች ሰው በኩራት የሚገዛት አልሆነችም፤ በ2018 ምርቷ አቆመ። ፋብሪካ ይመጣል ተብሎ ገበሬ ሲነሳ፣ አነሳሱ ራሱ የፋብሪካውን ዕድሜ እንደሚወስን ሲንጉር በግልጽ አሳይታለች።

የሠራተኞቹም ጉዳይ እንዲሁ ሊታለፍ አይገባም። በሐምሌ 2012 ማኔሳር በሚገኘው የማሩቲ ፋብሪካ በተነሳው ግጭት አንድ የሰው ኃይል ኃላፊ ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ብዙ ሠራተኞች ታስረው በ2017 አሥራ ሦስቱ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸዋል። ከግጭቱ በፊት ለረጅም ጊዜ ሲብላላ የቆየው ቅሬታ፣ ከቋሚዎቹ እኩል እየሠሩ በጣም ያነሰ ደመወዝ የሚከፈላቸው የኮንትራት ሠራተኞች ሁኔታ ነበር። በደኅንነት በኩልም፣ በ2014 ግሎባል ኤንካፕ የተባለው ድርጅት የፈተሻቸው 5 የህንድ ገበያ ትንንሽ መኪኖች በሙሉ ዜሮ ኮከብ ማግኘታቸው ኢንዱስትሪውን አሳፍሯል። ታታ ኔክሰን በ2018 አምስት ኮከብ እስክታገኝ ድረስ በህንድ ተሠርቶ እዚያው የሚሸጥ መኪና በዚህ ድርጅት ፍተሻ ያን ደረጃ ደርሶ አያውቅም ነበር።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ባጃጁ ከፑኔ መጥቶ የትንንሽ ከተሞቻችን ዋና መጓጓዣ ከሆነ ቆይቷል። በአዲስ አበባ የሚሽከረከሩት ሱዙኪ ዲዛየሮችም በስም የጃፓን ይሁኑ እንጂ የህንድ ሥራ ናቸው። ተማሪዎቼን ኮፈን አስከፍቼ የሻንሲ ቁጥሩን ሳስነብባቸው፣ ብዙውን ጊዜ ማሩቲን በሚያመለክተው «ኤም ኤ 3» ይጀምራል። ቀጥሎ የመስታወቱን ጥግ እንዲያዩ አደርጋለሁ፤ የአሳሂ ኢንዲያን ምልክት ያገኙበታል። ከዚያ አየር ማቀዝቀዣው ላይ የሱብሮስን ስም ይፈልጋሉ። ሁለቱም ማሩቲ በ1980ዎቹ በሽርክና ካሳደጋቸው አቅራቢዎች ወገን ናቸው። አንድ መኪና ላይ እጃችንን ባሳረፍን ቁጥር የምንዳስሰው የዚያን ዘመን ውሳኔ ነው፤ የህንድ የመለዋወጫ አምራቾችም ዛሬ ወደ ውጭ የሚልኩት ምርት በዓመት ከ20 ቢሊዮን ዶላር በልጧል።

አሁን ጊዜው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እያዘነበለ ነው። ሱዙኪ በነሐሴ 2025 የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ መኪናውን ከጉጅራቱ የሃንሳልፑር ፋብሪካ ወደ ውጭ መላክ ጀምሯል። ህንድ ግን በዚህኛው ዘርፍ የቀድሞው ጥንካሬዋ ገና የላትም፤ የባትሪው ዋና አካል በአብዛኛው ከቻይና የሚገባ ሲሆን፣ ቻይና በ2025 ለሞተር የሚያገለግሉ ልዩ ማግኔቶች ወደ ውጭ የሚላኩበትን ሥርዓት ስታጠብቅ የህንድ አምራቾች ተቸግረዋል። ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ብላ በ2024 የወሰነችው አገራችንም ያለችው በዚሁ መስመር ላይ ነው። ሆኖም ባትሪውን ማምረት ባንችል እንኳን መቀመጫው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ መስታወቱ፣ ጎማው፣ ሞላውና የፍሬን ሸራው በኤሌክትሪክ መኪናም ላይ አሉ፤ ህንድም የጀመረችው ከእነዚህ ዓይነቶቹ ነው።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የመገጣጠሚያ ምረቃ በተዘገበ ቁጥር የምናነበው የተመደበውን ካፒታልና በዓመት ይገጣጠማሉ የተባሉትን መኪኖች ብዛት ነው። ዘጋቢዎቻችሁ ከዚህ አልፈው፣ ከመኪናው አካል የትኛው እዚህ እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራውና በስንት ዓመት ውስጥ ወደ ምን ያህል ለማድረስ በውል እንደታሰረ ይጠይቁልን። ተማሪዎቻችን ተመርቀው የሚገቡት ወደ እነዚሁ ፋብሪካዎች ስለሆነ፣ መልሱን በጋዜጣችሁ ላይ ለማንበብ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአውቶሞቲቭ ቴክኖሎጂ መምህር
አዲስ አበባ