የጣልያኖቹ ክበብ ጠርቶናል

ውድ የእድራችን አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እዚህ ሜልበርን ሰፈራችን ያለው የጣልያኖች ክበብ ከእንግዲህ ለሁሉም ሰው ክፍት ነው። እኛንም ጠርተውናል። መሥራቾቹ አውስትራሊያና ጣልያን በ1951 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ በመርከብ የመጡ ናቸው፤ ቀን ፋብሪካ ውለው ማታ በቋንቋቸው የሚያወሩበትና ቦቼ የሚባለውን የኳስ ውርወራ ጨዋታቸውን የሚጫወቱበት ቤት ስላልነበራቸው ይህን አቋቋሙ። አሁን እነሱ አርጅተዋል፣ ልጆቻቸውም ተበትነዋል። ማይጨው ትዝ ብሎት ቅር የሚለው ይኖራል፣ ይገባኛል። እነዚህ ግን እንደኛው ችግር የገፋቸው ሰዎች ናቸው፤ ደግሞ የእኛም ልጆች ነገ ከእድሩ ሲርቁ ምን እንደምናደርግ ብንጠይቃቸው ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት በሩ ላይ እንገናኝ። ልጆቹን እንዳትረሱ። ድፎ ዳቦ እኔ እይዛለሁ።