ስለ ሦስቱ የኦክ ዛፎች

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ፣ እማማስ ደኅና ናቸው? ከሦስት ዓመት በኋላ የእጅ ጽሑፍህን በፖስታው ላይ ሳይ ደስታም ኀፍረትም በአንድነት ተሰማኝ፤ ዝም ያልኩት እኔ ሆኜ ሳለ ቀድሞ የጻፈው አንተ ነህና።

ቤቱን በገዛችሁበት ዓመት በግቢው ውስጥ ስላሉት ሦስት ትልልቅ የኦክ ዛፎች ጽፈህ፣ «አንተ የዚህ ሥራ ሰው ነህና ምን ላድርግ?» ብለህ እንደ ጠየቅኸኝ አልረሳሁም። ደብዳቤህን ከነፎቶግራፉ በመሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። መልስ ያልሰጠሁህ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ውሸታም እሆናለሁ። ደብዳቤህ የደረሰኝ፣ እኔ ራሴ አይቼ «ይህስ ጤነኛ ነው» ብዬ ያለፍኩት አንድ የኦክ ዛፍ በወደቀ በሁለተኛው ሳምንት ነበር፤ በዚያ ወራት ስለ ማንም ሰው ዛፍ አንዲት ቃል ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም። ዝምታው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ቀን በቀን ላይ በተደራረበ ቁጥር ለመስበር እየከበደኝ ሄደ።

ያን ዛፍ አስቀድሜ ልንገርህ፤ ለጥያቄህ የምሰጠው መልስ ከሞላ ጎደል ከእርሱ የተማርኩት ነውና። የቆመው በአንድ መኖሪያ ቤት ጓሮ ሲሆን፣ አናቱ የሞላ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ፀሐይ የማያሳልፍ ዛፍ ነበረ። ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞርኩ፣ ወደ ላይ አንጋጥጬ ተመለከትኩ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ አጣሁና ወረቀቱን ፈርሜ ሄድኩ። ግርጌውን ሐረግና ረጅም ሣር ሸፍኖት ነበር፤ ተንበርክኬ አልገለጥኩትም። ከአራት ወር በኋላ፣ ለቀናት ዝናብ ሲጠጣ በሰነበተ መሬት ላይ፣ ይህ ነው የሚባል ነፋስ ባልነበረበት ሌሊት ከነሥሩ ተገንድሶ አጥሩንና የዕቃ ማስቀመጫውን ቤት ደፈጠጠው። ሰው አልተጎዳም። በማለዳ ስደርስ ቅጠሉ ገና ለምለም ነበረ፤ ግንዱን ይዘው ማቆም የነበረባቸው ወፋፍራም ሥሮች ግን ከግንዱ አንድ ክንድ ሳይርቁ ተበጥሰው ነበር፤ የቀረውን ጫፋቸውን ስጨብጠው በእጄ ላይ እንደ እርጥብ ሳጋቱራ ፈረሰ። ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይህ ነው።

እንዴት ሊሆን ቻለ ትለኝ ይሆናል። ዛፉን የሚመግቡት ሥሮችና ዛፉን ደግፈው የሚያቆሙት ሥሮች አንድ አይደሉም። ውኃና ማዕድን የሚያመጡት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ሳይወርዱ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፈው ይዘረጋሉ፤ ሲሞቱም በአዲስ ይተካሉ። ግንዱን እንደ ቤት መሠረት የሚይዙት ግን በግርጌው ዙሪያ ያሉት ወፍራሞች ናቸው፤ እነዚህን መበስበስ ከሥር ሲበላቸው ቅጠሉ ለዓመታት ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ «ታሟል ወይ?» የሚለውና «ያሰጋል ወይ?» የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የሐኪም ነው፣ ሁለተኛው የግንበኛ። ጎረቤትህ ሦስቱንም ቁረጥ ሲልህ፣ ባለቤትህ ደግሞ አንዱም አይነካ ስትል፣ ሁለቱም የሐኪሙን ጥያቄ ብቻ እየመለሱ ነው።

እኔ አሁን ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማየው ዛፉን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ነው። በሜዳ መካከል ብቻውን የቆመ ዛፍ ነገ ቢወድቅ አደጋ አይባልም፤ አደጋ የሚሆነው ሰው ወይም ዋጋ ያለው ነገር ከሥሩ ሲኖር ነው። ያም ሰው ምን ያህል ሰዓት እዚያ እንደሚቆይ መቁጠር ያስፈልጋል። በበሩ በኩል ያለው ዛፍህ ሥር የምታልፉት በቀን ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ሥር ግን ሌሊቱን ሙሉ ትተኛላችሁ፤ ከጓሮው ዛፍ ሥር ደግሞ እማማ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ወንበራቸውን አውጥተው ይቀመጣሉ ብለህ ጽፈህልኛል። ይህችን አንዲት መስመር በማለፍ የጻፍካት ትመስላለች፤ እኔን ግን ከፎቶግራፎቹ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበችኝ እርስዋ ናት።

በመኝታ ቤቱ በኩል ስላለው፣ አናቱ ደርቆ እንደ አጋዘን ቀንድ ስለ ሾለው ዛፍ፣ ያን ያህል አትጨነቅ። የድሮውን ፎቶግራፍህን ከመሳቢያ አውጥቼ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ የደረቁት ቅርንጫፎች በሦስት ዓመት ውስጥ አልጨመሩም፣ ከእነርሱ በታች ያለው ቅጠልም እንደ ነበረ ነው። ያረጀ ኦክ ሩቅ ያለውን አናቱን ለቅቆ ዝቅ ባለ አናት መኖር ይችላል፤ የልብ እንጨቱም (የመካከለኛው ክፍል እንጨት) ታኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ስለ ያዘ፣ የሞተ ወፍራም ቅርንጫፉ ከሌሎች ዛፎች ቅርንጫፍ ይልቅ ረጅም ዘመን ሳይበሰብስ ይቆያል። ይሁን እንጂ ይቆያል ማለት አይወድቅም ማለት አይደለም፤ በጣሪያው ላይ ያንዣበቡትን ደረቆች ብቻ የሚወጣ ሠራተኛ በገመድ እያሰረ ያውርዳቸው፣ የቀረው ይቁም።

ነገሩ የሚለወጠው ድርቀቱ በድንገት የመጣ ቢሆን ነበር። በሰሜን አሜሪካ «የኦክ ጠውልግ» የሚባል በፈንገስ የሚመጣ በሽታ አለ፤ ፈንገሱ የዛፉን የውኃ መተላለፊያ ቧንቧዎች ይዘጋል፤ ቅጠላቸው ሾጣጣ ጫፍ ያለው የቀይ ኦክ ወገኖች በበጋ መካከል በሳምንታት ውስጥ ሊሞቱ ይችላሉ፤ ቅጠላቸው ክብ ጫፍ ያለው የነጭ ኦክ ወገኖች ግን ለዓመታት ይታገሉታል። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሻገረውም ከመሬት በታች ሥሮቻቸው ተጋጥመው በሚዋሐዱበት ቦታ፣ ወይም በአዲስ ቁስል ጠረን በሚሳቡ ትናንሽ ጥንዚዛዎች ነው። ስለዚህ ይህ በሽታ ባለበት አገር በጸደይና በበጋ መግቢያ ኦክ መከርከም ክልክል ነው ቢባል ይሻላል፤ ማዕበል ቅርንጫፍ ቢሰብር እንኳ ቁስሉን ወዲያው ቀለም ይቀቡታል። በሌላ ጊዜ የዛፍ ቁስል መቀባት ጥቅም የለውም፤ አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ በሺህ የሚቆጠሩ ግንዶችን ሰንጥቆ እንዳሳየው፣ ዛፍ ቁስሉን አይፈውስም፣ ዙሪያውን በአዲስ እንጨት ግድግዳ ያጥረዋል እንጂ። ቀለሙ ያን ግድግዳ አያጠነክረውም።

በበሩ በኩል ስላለው፣ ግንዱ ላይ ጥቁር ፈሳሽ ስለሚያነባው ዛፍ፣ መሥሪያ ቤቱ አጠገብህ ካለ የደን ክፍል ባለሙያ ጋር ተነጋገር። የኦክ ግንድ የሚደማበት ምክንያት ብዙ ነው። በብሪታንያና በሌላም የአውሮፓ ክፍል ባክቴሪያዎች ከአንድ የጥንዚዛ ዓይነት ጋር ተባብረው የሚያመጡት አለ፤ ጥንዚዛው ሲወጣ በቅርፊቱ ላይ ግማሽ ክብ የመሰለች ቀዳዳ ይተዋል፣ አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት ፈልጋት። በካሊፎርኒያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብዙ ኦክ የጨረሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ እርሱም ግንዱን ያደማል። ስሙን ማወቅ የሚጠቅምህ ዛፉ መቼ ይወድቃል የሚለውን ለመገመት ሳይሆን፣ እንጨቱን ወዴት መውሰድ እንደማይገባህ፣ መጋዙንም እንዴት ማጽዳት እንዳለብህ ለማወቅ ነው። መድማቱ በቅርፊቱና ከእርሱ ቀጥሎ ባለው እንጨት ብቻ እስከ ቆየ ድረስ ግንዱ ጥንካሬውን አላጣም፤ ቅርፊቱ ሲላቀቅ፣ የእንጨት ዱቄት ከቀዳዳ ሲረግፍ፣ እንጉዳይ ሲበቅልበት ግን ፈጥነህ አስመርምር፣ ያን ጊዜ ሥራው ወደ ግንበኛው ተላልፏልና። እስከዚያ በየወሩ ከአንድ ቦታ ሆነህ ፎቶግራፍ አንሣው፤ መኪናህንም ከሥሩ አታቁም።

አሁን ወደ ጓሮው ዛፍ ልመለስ፤ ከሦስቱ ሁሉ ለምለሙ፣ ማንም በክፉ ያላነሣው እርሱ ነው። በመጨረሻው ፎቶግራፍ ጥግ ላይ፣ በግርጌው በስተ ቀኝ፣ አንድ ቡናማ ነገር ይታያል፤ ከግንዱ የወጣ እንጉዳይ መሆኑን አልጠራጠርም። ጎረቤትህ «አስቀያሚ ነው» ብሎ በእግሩ እንደ ገረሰሰው ጽፈሃል። እንጉዳዩን መገርሰስ ፍሬውን መልቀም ማለት ነው፤ ፈንገሱ በእንጨቱ ውስጥ እንዳለ ይኖራል፣ እኛ ግን ማንነቱን የምንለይበትን ምልክት አጠፋን። ዳግመኛ ሲወጣ አትንካው። በመከር በክምር የሚወጣ፣ ማር የመሰለ ቀለም ያለው ከሆነ፣ የላላውን ቅርፊት ገልጠህ ነጭ እንደ ስስ ወረቀት የተነጠፈ ነገር፣ በአፈሩም ውስጥ የጫማ ማሰሪያ የሚመስሉ ጥቁር ክሮች ካገኘህ፣ ሥር የሚያበሰብሰው አርሚላሪያ ነው። ወፍራም ሆኖ ከግንዱ ግርጌ እንደ መደርደሪያ የወጣ፣ ሲያድግም የማር ጠብታ የመሰለ ፈሳሽ የሚያዥ ከሆነ ደግሞ ኦክን ከሥር የሚበላ ሌላ ፈንገስ ነው፤ የእኔን ዛፍ የጣለው እርሱ ነበር።

በሥራው ውስጥ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውስ ማትሄክ ያስፋፋው አንድ መለኪያ አለ፤ ባዶ የሆነ ግንድ፣ የቀረው ጤነኛ ግድግዳ ውፍረት የግንዱን ግማሽ ስፋት ሲሶ ያህል እስከ ሆነ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አይሰበርም ይላል። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ግንድ፣ ዙሪያውን 15 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ እንጨት ይበቃዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ውስጡ ባዶ ነው» ብሎ የሚያስፈራራህን ሁሉ አትስማ። ነገር ግን መለኪያው የሚሠራው ለግንድ ነው፤ ትልቅ ክፍት ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ላለበት አይሆንም፣ ስለ ሥርም አንዳች አይነግርህም። ራስህም በመሰርሰሪያ አትመርምረው፤ ዛፉ በመበስበሱ ዙሪያ የሠራውን ግድግዳ ትበሳለህ። ባለሙያው በመዶሻ መትቶ ድምፁን ይሰማል፣ እንደ ከበሮ የሚያስተጋባበትን ቦታ ምልክት ያደርግበታል፤ አስፈላጊ ሲሆን በድምፅ ሞገድ የግንዱን ውስጥ ይስላል። ለጓሮው ዛፍ የምመክረው ግን አፈሩን በአየር ግፊት ገፍቶ ወፍራሞቹን ሥሮች ማየትን፣ ወይም ግንዱን በገመድ በልኩ ስቦ ግርጌው ስንት እንደሚነቃነቅ በመሣሪያ መለካትን ነው። የሚመረምረው ሰው ደግሞ ዛፉን ቆርጦ ገንዘብ የሚቀበለው ሰው ባይሆን እመርጣለሁ፤ በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፣ በእኛ ሥራ ግን ገና ሳይወድቅም ይበዛበታል።

ውጤቱ ክፉ ቢሆን መቁረጥ ብቻ አይደለም ያለው። አናቱን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ነፋስ የሚገፋውን ኃይል በጣም ይቀንሳል፤ አናቱን ከነወፋፍራም ቅርንጫፎቹ መጨፍጨፍ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አትፍቀድ። ሥሩ ካለቀ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ዛፍ ይውረድ፤ ሦስት አራት ሜትር ጉቶ ለወፎች ትተህ የቀረውን አስነሣ።

ዛሬውኑ የምታደርገው አንድ ነገር አለ፤ ደብዳቤውን አንብበህ ሳትጨርስ እንኳ ብታደርገው ደስ ይለኛል፦ የእማማን ወንበር ከዚያ ዛፍ ሥር አንሣና፣ ዛፉ ቁመቱን ያህል ወድቆ እንኳ ከማይደርስበት ቦታ አኑርላቸው። ቅር ይላቸው ይሆናል፤ እኔ ነኝ ያልኩት በላቸው፣ በእኔ ይቆጡ። ከዚያ ሣሩንና ሐረጉን በእጅህ ገልጠህ፣ በአራቱም ማዕዘን የግርጌውን ፎቶግራፍ ላክልኝ፤ መጠኑ እንዲገባኝ አጠገቡ መዳፍህን አስቀምጥ። አፈሩ በአንድ ወገን የተነሣ ወይም የተሰነጠቀ መሆኑን፣ ዘመም ማለቱም የቆየ ይሁን አዲስ ጨምረህ ጻፍልኝ፤ የቆየ ከሆነ አናቱ ቀና ብሎ ወደ ላይ ይታጠፋል። በደረሰኝ ቀን እመልስልሃለሁ፤ መሳቢያ ውስጥ አላስገባውም።

ናፍቆት ያለው ወንድምህ