የቅሬታ ደብዳቤ፦ ሱሉልታ ላይ የተከላችሁት ቴሌስኮፕ ለድምቀት ልኬት አለመብቃቱን ስለማሳወቅ

ቀን፦ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመሣሪያ አቅራቢው ድርጅት የቴክኒክ አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

በውላችን ላይ የሰፈረው ዓላማ ግልጽ ነበር። መሣሪያው የተፈለገው የንቁ ጋላክሲዎችን (መሐላቸው ያለው ጥቁር ጉድጓድ ቁስ እየሳበ በኃይል የሚያበሩትን) የድምቀት መለዋወጥ ለዓመታት ለመለካት እንጂ የሰማይ ፎቶ ለማንሳት አይደለም። የተከላችሁልን ግን ፎቶ ያነሳል እንጂ አይለካም። በስልክ ስናመለክት ባለሙያችሁ «ምስሉ እኮ ጥርት ብሎ ይወጣል» አሉን። ጥርት ማለቱን አልካድንም፤ የምንጠይቀው ሌላ ነው።

ዋናው ጉዳይ ፊልተሩ ነው። ያዘዝነው ለድምቀት ልኬት መደበኛ የሆነው የጆንሰን ቪ ፊልተር ነበር፤ 551 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት አካባቢ ላይ ያማከለ፣ ግራና ቀኙን ቀስ እያለ የሚቀንስ። የመጣልን ግን ሳጥኑ ላይ «ቪ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ ጠርዙ ላይ ድንገት የሚቆርጥ አረንጓዴ የፎቶ ፊልተር ነው። በዓይን አይተን ብቻ አልደመደምንም። የከዋክብቱ ድምቀትና ቀለም በደንብ የታወቀውን ኤም 67 የተባለ የከዋክብት ክምችት አንስተን፣ የለካነውን ከታወቀው ጋር አመሳከርን። ፊልተሩ ትክክለኛ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ለቀዩም ለሰማያዊውም ኮከብ ተቀራራቢ በሆነ ነበር። በእኛ ምስል ላይ ግን ኮከቡ በቀላ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ግራፉን አያይዘናል።

«በሒሳብ ይስተካከላል» እንዳትሉን አስቀድመን እናስረዳ። ለተራ ኮከብ ቢሆን ይሞከር ነበር። ብሌዛር የሚባለው የንቁ ጋላክሲ ዓይነት ብርሃን ግን የኮከብ ብርሃን አይደለም፤ አብዛኛው ከጥቁር ጉድጓዱ አጠገብ ተነሥቶ ወደ እኛ አቅጣጫ ከሚወረወረው ጄት (ጠባብና እጅግ ፈጣን የቁስ ፍሰት) የሚመጣ ነው። ብዙዎቹም ሲደምቁ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ስለዚህ የፊልተሩ ስህተት በአንድ ቁጥር ተቀንሶ የሚጣል አይደለም፤ ከጋላክሲው ድምቀት ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጋላክሲው የለወጠው የቱ እንደሆነ፣ ፊልተሩ የጨመረው የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም። የምንፈልገው ትክክለኛነት 0.02 ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ) ነው፤ ለዚያም የኮከቡ ምልክት ከሁከቱ (ከምስሉ የዘፈቀደ መዋዠቅ) 50 እጥፍ መብለጥ አለበት። ብርሃን ለመሰብሰብ ብዙ ደቂቃ ደክመን ፊልተሩ ያንን ሁሉ ያበላሸዋል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኦጄ 287 የተባለው ብሌዛር በየ12 ዓመቱ ገደማ እንደሚደምቅ የታወቀው፣ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የፎቶ መስታወቶች ጀምሮ የብዙ ሰዎች ልኬት በአንድ መስመር ስለተቀጠለ ነው። የሱሉልታ ልኬት ከዚያ መስመር ጋር ካልገጠመ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተሠራው ሥራ ለማንም አይጠቅምም።

ቴሌስኮፑን ወደሚሸከመውና ወደሚያዞረው ክፍል፣ ወደ ማውንቱ፣ እንለፍ። ዘንጉን በቦታው ኬክሮስ ልክ አጋድሎ ወደ ሰማይ ዋልታ የሚያነጣጥረው ማስተካከያ፣ በጎኑ እንደተቀረጸው፣ ከ20 እስከ 65 ዲግሪ ነው። ሱሉልታ 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ በመላ አገራችንም 20 ዲግሪ የሚደርስ ቦታ የለም። ይህን ከማስመጣታችሁ በፊት ማየት የእናንተ ሥራ ነበር። የጎደለውን 11 ዲግሪ ለማካካስ ባለሙያችሁ በደቡብ በኩል ባሉት ሁለት እግሮች ሥር የባሕር ዛፍ ጉማጅ አስገቡ። ጉማጁ ሌሊት በጤዛ ይርሳል፣ ቀን በፀሐይ ይደርቃል፤ አሁን አንደኛው መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ የእግሩ ሹል ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ ሰርጓል። በዚህ ምክንያት ወደ ዋልታ የተስተካከለው አቅጣጫ በየሌሊቱ ይሸሻል። በ120 ሰከንድ ምስል ላይ ከዋክብቱ ክብነታቸው ቀርቶ እንደ ሩዝ ፍሬ ይረዝማሉ፤ ብርሃናቸውም ከምንለካበት ክብ ውጭ ይፈሳል።

ሌላም አለ። 3ሲ 273 የተባለው ንቁ ጋላክሲ ከአናታችን 7 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ አውሮፓ ያሉ ተመልካቾች የሚመኙት ከፍታ ነው። ነገር ግን ማውንቱ በሜሪዲያን (ከሰሜን ወደ ደቡብ በአናታችን በሚያልፈው የሰማይ መስመር) ላይ ሲገለበጥ የሚዛን ዘንጉ ከሰሜኑ እግር ጋር እየተጋጨ ሞተሩ ይቆማል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፦ የኮንክሪት ምሰሶ፣ በላዩም በ11 ዲግሪ ያጋደለ የብረት ሳህን፣ ዘንጉ የሚያልፍበት ክፍተት ያለው። ማንኛውም ጎበዝ ብረት ሠሪ ይሠራዋል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ደግሞ የሽቦ ቁጠባ ነው። የካሜራው ማቀዝቀዣ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በ12 ቮልት 3 አምፔር ገደማ ይስባል። ከባትሪው እስከ ካሜራው 10 ሜትር ባለ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ዘርግታችኋል። ደርሶ መልሱ 20 ሜትር ስለሆነ ተቃውሞው ወደ 0.47 ኦም ይጠጋል፤ በመንገድ 1.4 ቮልት ይጠፋል፤ ካሜራው ጋ የሚደርሰው 10.6 ነው። ስለዚህ ሴንሰሩ በታዘዘበት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አይጸናም፤ እየሞቀ ይሄዳል። የጨለማ ጅረቱ (ሴንሰሩ ብርሃን ሳያገኝ በሙቀት ብቻ የሚያመነጨው ምልክት) በየ6 ዲግሪው ገደማ እጥፍ ስለሚሆን፣ እሱን ለመቀነስ ካሜራውን ከድነን ቀድመን ያነሳነው የዳርክ ምስል አይገጥምም። አንዳንዴም ካሜራው ከኮምፒውተሩ ጭራሽ ይቋረጣል። ባለ 2.5 ሽቦ ቢሆን የሚጠፋው 0.42 ቮልት ብቻ ነበር።

የኮምፒውተሩን ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ሞልታችሁት ስለነበር ምስሎቹ ላይ የ6 ሰዓት ስህተት ተመዝግቧል። በአንድ ሌሊት ውስጥ ለሚለዋወጥ ብሌዛር ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ልዩነቱ የማይለዋወጥ በመሆኑ ግን እኛው አርመነዋል።

የምንጠይቀው ይህ ነው፦ ፊልተሩ የብርሃን ማሳለፊያ ግራፉ አብሮት በሚመጣ እውነተኛ ቪ ይቀየር፤ ምሰሶውና ያጋደለው ሳህን በእናንተ ወጪ ይሠራ፤ ሽቦው ይቀየር። ምሰሶውና ሽቦው በ15 ቀን፣ ፊልተሩ እስከ መጋቢት መጨረሻ እንዲደርሱን እንጠይቃለን። ከዚያ ካለፈ ኦጄ 287 ወደ ፀሐይ ይጠጋል፤ ተከትሎ ክረምቱ ይገባል፤ እስከ መስከረም ሰማዩ አይከፈትልንም። ፊልተሩ ሲደርስ ኤም 67ን እንደገና እንለካለን፤ ውጤቱ ካማረ ቀሪውን ክፍያ በማግስቱ እንፈጽማለን።

ከሰላምታ ጋር
የምልከታ ቡድኑ
ሱሉልታ