አባባ፣ ባትሪው መንገድ ላይ አያልቅም

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እማማስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ ስደውል አልተደማመጥንም። ወደ ሥራ የምሄድበት ባቡር በባትሪ ነው ብዬ ሦስቴ ጮህኩ። እርስዎ ደግሞ «ባትሪ እኮ እኔን እንኳ ማታ ጓሮ አድርሶ አይመልሰኝም» አሉና ሳቁ። ከዚያ «ጫካ መሃል ቢያልቅስ?» ሲሉ መስመሩ ተቋረጠ። ስለዚህ ጻፍኩት። የእህቴ ልጅ በቀኝ ጆሮዎ በኩል ተጠግታ፣ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

የምኖረው ጀርመን አገር ኪል ከተማ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ግን ፕሎን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ባቡር እይዛለሁ። በፈረንጆቹ 2021 ስመጣ ያ መስመር በናፍጣ ነበር። ገና ሳይነሳ ወለሉ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ የመስኮቱ መስታወት ይንዘረዘራል። ጭሱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞራል። እኔ ግን አዘዞ ወፍጮ ቤታችን በር ላይ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። የጋቢዎ ሽታ ነዋ፤ ዱቄትና ናፍጣ። አያቴም ወፍጮውን «ባቡር» ትለው አልነበር? ለእኔ የመጀመሪያው ባቡር የእርስዎ ነው።

ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ግን በዚህ በሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ግዛት የናፍጣዎቹ በባትሪ ባቡር ይተኩ ጀመር። የታዘዙት 55 ናቸው፤ የሠራቸው ስታድለር የሚባል የስዊስ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያ ቀን ቁጭ ብዬ መነሻውን ስጠብቅ፣ ጣቢያው ወደ ኋላ ሲሸሽ አየሁ። ለካ ተነስተናል! እውነቱን ልንገርዎትና ሽታው ቀረብኝ ብዬ ትንሽ ከፋኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ኪል ጣቢያ ከሐዲዱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቷል፤ 15,000 ቮልት። ባቡሩ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ ጣሪያው ላይ እንደ ታጠፈ ክንድ ያለ ብረት ቀና ይልና ሽቦውን ይነካል። ባትሪው ያኔ ይሞላል። ሽቦው ሲያልቅ ክንዱን አጥፎ በባትሪው ይሄዳል። እስከ ሉቤክ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያም ሌላ ሽቦ ይጠብቀዋል። «80ውንስ ባይችል?» እንደሚሉ አውቃለሁ። በ2021 አንዱን ሞልተው ለሙከራ ቢነዱት 224 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ከጎንደር ተነስቶ ባሕር ዳር ገብቶ ገና ይተርፈዋል ማለት ነው። በርግጥ ሙከራና ሥራ አንድ አይደሉም። ክረምት ላይ ማሞቂያው ራሱ ብዙ ይበላል።

ይበልጥ የገረመኝ ፍሬኑ ነው። ሊማሊሞን የሚወርድ ከባድ መኪና እስኪሸት ድረስ ፍሬን ይይዛል አይደል? ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይሄኛው ፍጥነት ሲቀንስ ያው የሚነዳው ሞተር ተገልብጦ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ቁልቁለት የሚያበላው ነው።

ታዲያ ሽቦውን ለምን እስከ መጨረሻው አይዘረጉትም? ገንዘብ ነው። ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ከፍ የሚደረገው ድልድይ ብዙ ያስወጣል። የእኛው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከጫፍ ጫፍ በሽቦ ነው፤ ብዙ ጭነት ስላለው። እዚህ ግን ጥቂት ሰው ለሚመላለስበት የገጠር መስመር ያን ሁሉ ማውጣት ከበዳቸው። ነገሩ ለእነሱ አዲስም አይደለም። በ1907 እንደ መኪና ባትሪ ባለ የእርሳስ ባትሪ ባቡር ይነዱ ነበር።

ወንድሜ የናፍጣውን ሞተር እንሽጠው እያለ እንደሚጨቀጭቅዎ ሰምቻለሁ። እኔ ሽጡት አልልም። በዐቢይ ጾም ዋዜማ መብራት ጠፍቶ ሴቶቹ የሽሯቸውን እህል ይዘው ሲሰለፉ፣ ማኖቬላውን አንስተው ሰፈሩን ያዳኑት እርስዎ ነዎት። ወንድሜ የኤሌክትሪኩን አቅፎ ቁጭ ብሎ ነበር። የኤሌክትሪኩ ወፍጮ የጎደለው መብራት ሲጠፋ በመሃል የሚይዝለት ባትሪ ነው።

ግን አባባ፣ ያ ሞተር ጆሮዎን ወስዶታል። ወፍጮ ቤት ውስጥ በጣት ነበር የምናወራው። ስንት ኪሎ፣ ስንት ብር፣ ሁሉም በጣት። እዚህ የማጥባቸው አንድ ሽማግሌ ዕድሜ ልካቸውን መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው የሠሩት። ስናገራቸው ልክ እንደ እርስዎ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። አንዳንዴ ፊቴን አዞርና እቆያለሁ።

የላክሁልዎ የጆሮ መስሚያ መሳቢያ ውስጥ እንደተኛ ነው አሉ። «ባትሪው ያልቃል» ብለው። አያልቅም። ልጅቷ ማታ ማታ ሣጥኑ ውስጥ አስገብታ ትሰካው፤ እርስዎ ሲተኙ ይሞላል። መብራት ቢጠፋም ሣጥኑ የራሱ ባትሪ ስላለው ለአንድ ሁለት ቀን ይይዝልዎታል።

እሑድ ተረኛ ነኝ። እርስዎ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከባቡሩ ውስጥ እደውላለሁ። መስሚያውን አድርገው ይጠብቁኝ። ሲነሳ ስልኩን ወደ ወለሉ አስጠግቼ አሰማዎታለሁ። ምንም ካልሰሙ ግን መስሚያውን አውልቀው እንዳይጥሉት፤ ድምፁ እሱ ነው።

ልጅዎ