በሰው ትዳር መካከል የሚገባ ሰው ፈቃድ ይኑረው

ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሳላንዛዛ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የጋብቻና የቤተሰብ አማካሪ ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። የምጠይቃችሁ ሥራችንን በሕግ እንድትቆጣጠሩት ነው። አዎ፣ ተቆጣጠሩን። ማነህ፣ የት ተማርክ፣ ማን አየህ የሚለን ጠፍቶ ነው የተቸገርነው።

ዛሬ ማንም ሰው ቢሮ ተከራይቶ፣ «የትዳር አማካሪ» የሚል ታፔላ ሰቅሎ፣ ባልና ሚስት አስቀምጦ መምከር ይችላል። ቢሮም አያስፈልገውም፤ ቲክቶክና ቴሌግራም ይበቃዋል። አንዱ ሳይኮሎጂ ተምሮ በካውንስሊንግ ማስተርሱን ይዟል። ሌላው የጥቂት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሰርተፍኬቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። ጭንቅ ይዟት በር የምታንኳኳ ሴት ሁለቱን በምን ትለያቸው?

እኔ ራሴ ፈቃድ ፍለጋ ስዞር አንዱ ቢሮ «ይሄ ጤና ነው፣ እዚያ ሂጂ» አለኝ። እዚያ ስሄድ ደግሞ «ይሄማ ማኅበራዊ ጉዳይ ነው» ተባልኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት በማማከር አገልግሎት ስም የተሰጠኝ የንግድ ፈቃድ ነው። ግብሬን እከፍልበታለሁ። ስለ ብቃቴ ግን አንድም ቃል አይልም። ነገ ሰው ብበድል የተበደለው ሰው ማን ጋ ሄዶ እንደሚከሰኝ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም።

ሥራው ከውጪ ሲታይ ወሬ ይመስላል። «ሽማግሌ የሚያደርገው አይደል እንዴ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ሽማግሌን አከብራለሁ። ትዳር ያተረፉ ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባቶችና ሼኾች አውቃለሁ። ግን ሽማግሌ የሚቀመጠው ሊያስታርቅ ነው። እኔ የምቀመጠው መጀመሪያ ምን እንዳለ ለማየት ነው፤ ዕርቁ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ መምጣት የለበትም።

በቅርበት ላሳያችሁ። (የብዙ ሰው ታሪክ አቀላቅዬ ነው የማወራው፤ የማንንም ገመና አላወጣም።) ባል ገና ሳይቀመጥ «እህቴ፣ እኔ ምንም የለብኝም፣ እሷን ብቻ ምከሪልኝ» ይላል። ጠቡ በገንዘብ ነው። እሷ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ብር የእናቱ ቤት መሥሪያ ሆኗል። ሽማግሌ አስታርቋቸዋል፣ ይቅር ተባብለዋል፣ ወር ሳይሞላ እዚያው ጠብ ውስጥ ናቸው። እኔ ወረቀት ዘርግቼ ጄኖግራም እሠራለሁ። የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ካርታ ነው፤ ወንዱ በአራት ማዕዘን፣ ሴቷ በክብ፣ በሞተው ላይ ኤክስ፣ በተጣሉት መካከል ዚግዛግ መስመር። እየሣልን ስንሄድ ባልየው የመጀመሪያ ልጅ መሆኑ፣ አባቱ ሲሞት ገና ልጅ እንደነበር፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እናቱ «አባወራዬ» እያሉ እንዳሳደጉት ይወጣል። ሚስቱ ይሄን ታውቃለች። በወረቀት ላይ፣ ከራሷ እናትና ከራሷ የስደት ዓመታት አጠገብ ግን አይታው አታውቅም። እሱም የእሷን አላየም። ከዚያ በኋላ ስለ ብሩ የሚነጋገሩት በሌላ ድምፅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሁለቱን ለየብቻ አናግሬያለሁ። «ቤት ውስጥ የሚያስፈራሽ ነገር አለ?» ብዬ ለመጠየቅ ነው። ባልየው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ብጠይቃት መልሷ «ኧረ ምንም የለም» ነው። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ማታ ቤት ሲገቡ የሚጠብቃትን እሷ ታውቀዋለች። ያልሠለጠነ አማካሪ ይሄን አያስብም። «እስቲ ፊት ለፊት ተነጋገሩ» ይላል፤ ከዚያ «ቻይው፣ ትዳር እኮ ነው» ብሎ ይሸኛታል። እንዲህ ተመክረው ተመልሰው፣ ከባሰባቸው በኋላ እኔ ጋ የደረሱ ሴቶች አሉ። አንዷ ስትመጣ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ነበር። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው በዋናነት ለእነሱ ብዬ ነው።

ሕጉ እኮ መንገዱን ጀምሮታል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን ለየብቻ ወይም አንድ ላይ እንዲያነጋግር፣ ካልተሳካ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲሞክሩ ማድረግ እንደሚችል፣ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው እንደሚችል ይደነግጋል። ጥሩ ነው። ግን በዚያ 3 ወር ማን ጋ ይሂዱ? እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ቤታቸው ተኮራርፈው ቀን ሲቆጥሩ ነው የሚከርሙት። 3 ወር ለእኛ ሥራ ትልቅ ጊዜ ነው። በሳምንት አንዴ ብንገናኝ 12 ጊዜ ይሆናል። ባይታረቁ እንኳ ልጆቻቸውን መሀል ሳያስገቡ መለያየትን ይማራሉ።

ሌላው አገር እንዴት አደረገው ካላችሁ፣ የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ይሄን ሙያ በፈቃድ ማሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ዛሬ እዚያ ማስተርስ ዲግሪ፣ በባለሙያ ክትትል ሥር የተሠራ 3,000 ሰዓት፣ በላዩ ላይ ፈተና ይጠየቃል። 3,000 ሰዓቱን እንዳለ ገልብጡት አልልም፤ ያን ያህል ሰው የሚከታተል ሱፐርቫይዘር የለንም። ሐሳቡን ግን ውሰዱት። እኛ ጋ ጀማሪው አማካሪ በተመረቀ ማግሥት ብቻውን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሲኦል ሲሰማ ውሎ «እዚህ ጋ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» ብሎ የሚጠይቀው ታላቅ የለውም። ጎበዞቹ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተው ድርጅት ተቀጥረው ይሄዳሉ፣ ቦታውን ያልተማረው ይይዘዋል።

ምሥጢር መጠበቅም አለ። አንድ የፍቺ ጠበቃ ደውሎ ሚስትየዋ የነገረችኝን የጻፍኩበትን ማስታወሻ እንድሰጠው ጠየቀኝ። እምቢ አልኩ፣ ዛሬም እምቢ እላለሁ። ግን «የሙያዬ ደንብ ይከለክለኛል» ብዬ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም።

ስለዚህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ባለቤት ሁኑን። የሙያ መጠሪያውን ወስኑ፣ ዝቅተኛውን የትምህርት ደረጃና በክትትል የሚሠራውን ሰዓት አስቀምጡ፣ ማንም በስልኩ ሊያየው የሚችል የባለፈቃዶች ዝርዝር አውጡ፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ቦታም ይኑር። አሁን ሥራ ላይ ላለነው የመሸጋገሪያ ጊዜ ስጡን፤ የጎደለን ካለ ተምረን እናሟላለን። መክፈል ለማይችል ሰው ደግሞ በየክፍለ ከተማው ቢያንስ አንድ ባለሙያ ይመደብ፤ የፍርድ ቤቱ 3 ወር ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው።

ረቂቅ ስትጀምሩ ጥሩን። ቅዳሜም ቢሆን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጋብቻና የቤተሰብ አማካሪ
አዲስ አበባ