ረዳት ሆነሃል አሉኝ

አንተ ሰው፣ እንዴት ነህ? ተጠፋፋን አይደል? ለፋሲካ ልጠይቃቸው ቤት ሄጄ እናትህ "ልጄ አሜሪካም ያስተምራል" አሉኝ። ለካ ለፒኤችዲው ብለህ እንደገና ቲኤ፣ ረዳት አስተማሪ ሆነሃል፤ እዚህ ሌክቸረር የነበርከው ሰውዬ! መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ ግን ቀናሁብህ፣ የምሬን ነው።

ጂኤ፣ ገና እንደተመረቅን ረዳት ሳለን ተማሪው ያልገባውን ቱቶሪያል ላይ፣ በመልመጃው ክፍለ ጊዜ ያፈርጠው ነበር። አሁን ሌክቸር ስሰጥ ግን አንቱ ይለኛል፣ ይጽፋል፣ ይወጣል። የት ጋ እንደጠፋው የምሰማው ከረዳቷ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ አንዱን የስታቲስቲክስ ቱቶሪያል ራሴ ያዝኩት።

አንድ ቀን ስልሳ ያህል ሆነው "ከእናንተ ቢያንስ ሁለቱ ልደታቸው አንድ ቀን ነው፣ እንወራረድ" አልኳቸው። ሳቁብኝ። ታውቀዋለህ፣ 23 ሰው ላይ እንኳ ዕድሉ ከ50 በመቶ ያልፋል፣ 60 ላይ ከ99 በላይ ነው፤ የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ጥንድ ነዋ፣ 60 ሰው ደግሞ 1770 ጥንድ አለው። ከዚያ መታወቂያቸው ላይ ያለውን ሲያነቡልኝ መስከረም 1፣ መስከረም 1፣ አሁንም መስከረም 1! የተወለደበት ቀን ያልተጻፈለት ልጅ ሲመዘገብ ከተሰጠው ቀን ጋር ነው የሚኖረው። ሌክቸር ላይ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ "ታዲያ ሁሉም ቀን እኩል ዕድል አለው ያልነው የት ሄደ?" አለችኝ። ደስ አለኝ! እኩል ካልሆነማ መገጣጠሙ እንዲያውም ይብሳል፣ እሱን ሰሌዳ ላይ አብረን አወጣነው። ቀጥለን የሕዝብ ቆጠራ ውስጥ ዕድሜ ለምን 30፣ 35፣ 40 ላይ እንደሚከመር ስንጨቃጨቅ ሰዓቱ አለቀ። ይህን ሁሉ ሌክቸር ላይ ብነግራቸው ጽፈው ይወጡ ነበር።

ሁሉም እንዲህ አይደለም እንግዲህ። አሁን የሚድ ፈተና ወረቀት እያረምኩ ነው፣ ማለቴ እያረምኩ መሆን ነበረብኝ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን፣ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካውን፣ በእጅ እስከ አራት ዴሲማል ያወጡታል፣ ምን ማለት ነው ስትል ዝም። ፒ ቫሊዩ 0.03 ከሆነ ደግሞ "ነል ሃይፖቴሲሱ (የተለየ ነገር የለም የሚለው መነሻ ግምት) እውነት የመሆኑ ዕድል 3 በመቶ ነው" ብለው ቁጭ! ነሉን እውነት ነው ብለን ተነስተን፣ ያኔ ቢያንስ ይህን ያህል የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድል ብለን ያሰላነው ቁጥር እንዴት ስለነሉ ዕድል ሊነግረን ይችላል እላለሁ፣ አሁንም ያንኑ ይጽፋሉ።

የአንተዎቹስ? እነሱም እንደዚያ ይላሉ? የምታስረዳበት ጥሩ ምሳሌ ካለህ ከፋይናሉ በፊት ላክልኝ። በቴሌግራም በድምፅም ይሁን፣ ብቻ አትጥፋ። እማማ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውም ተሽሏቸዋል። እሁድ እሁድ ደውልላቸው።