የኒውሄቨን ዓሣ አስጋሪዎች ምስል የማን ሥራ ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ፎቶግራፍ ጅማሬ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840ዎቹ በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ አጠገብ በምትገኘው በኒውሄቨን የተነሡት የዓሣ አስጋሪዎች ምስሎች የሠዓሊው የዴቪድ ኦክታቪየስ ሒል ሥራ እንደሆኑ፣ ሰዎቹም ሳያስቡት በሥራ ላይ እንዳሉ እንደተነሡ ተገልጿል። ሁለቱም አባባሎች መታረም አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ሒል ካሜራ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የካሜራው ሙያ የፎቶግራፍ አንሺው የሮበርት አዳምሰን ነበር። ሁለቱ አብረው መሥራት የጀመሩት በ1843 ሲሆን፣ አዳምሰን በ1848 መጀመሪያ ላይ ገና በ26 ዓመቱ ሲሞት ያ ሥራ አብሮት አበቃ። የተጠቀሙበትን ካሎታይፕ የተባለ ዘዴ የፈለሰፈው እንግሊዛዊው ታልቦት ነው፤ በ1841 ያስመዘገበው የፈጠራ መብት ስኮትላንድን ስላላካተተ በዚያ ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊሠራበት ተችሏል።

በዚህ ዘዴ ምስሉ በብር ጨው በተቀባ ወረቀት ላይ ስለሚወጣ፣ በደማቅ ፀሐይ እንኳ ተነሺው ለብዙ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ከደቂቃ በላይ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ስለዚህ በማዕበል ላይ ያለ ጀልባም ሆነ መረብ የሚጎትት እጅ ሊነሣ አይችልም ነበር። ሊንተን የተባለው ዓሣ አስጋሪ የባሕሩ ዳርቻ ላይ በቆመች ጀልባው ተደግፎ፣ ልጆቹ ከአጠገቡ ተቀምጠው የምናየው ሁሉም ለዚያ ሲሉ ጸጥ ስላሉ ነው (ልጆችን ያን ያህል ጸጥ ማሰኘት ምን ያህል እንደሚያደክም ወላጅ ያውቀዋል)። የመንደሩ ሴት ኤልዛቤት ጆንስተን ሆል ከአኻያ የተሠራ ቅርጫቷን ይዛ፣ ዓይኗን ወደ ታች ሰብራ የቆመችበት ምስልም እንዲሁ የእርሷ ትዕግሥት ውጤት ነው። የመንደሩ ሴቶች ባሎቻቸው ያመጡትን ዓሣ በጀርባቸው አዝለው እስከ ኤድንብራ እየወጡ የሚሸጡ ነበሩና፣ ቅርጫቱ በዚያ የተገኘው ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም።

ሒል ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን በ1843 የተለዩትን ቀሳውስት ለሣለበትና በ1866 ለጨረሰው ትልቅ ሥዕል የእነርሱንም ፎቶግራፍ ከአዳምሰን ጋር አንሥቶ ነበር። የእነዚያ የብዙዎቹ ስም ተመዝግቧል፤ ከኒውሄቨን ሴቶች ግን ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩት «ዓሣ ሻጭ» እየተባሉ ነው። ይህ ልዩነት በጽሑፋችሁ ሳይነሣ መታለፉ አሳዝኖኛል፤ ይባስ ብሎ ስሟ የሚታወቀው ኤልዛቤት እንኳ ከምስሏ ግርጌ የሰፈረላት «የኒውሄቨን ሴት» የሚል ብቻ ነው። በድረ ገጻችሁ ላይ የወጣው ቅጂ እንዲስተካከል፣ ከሒል ጎን የአዳምሰን ስም እንዲጨመር፣ በምስሏ ሥርም የኤልዛቤት ሙሉ ስም እንዲሰፍር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ